ምግብ ቤት የቀመሳችሁትን እቤት ማብሰል፦ ከሽሮ የሚጀምር መመሪያ

ተጋቢኖ ሽሮ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ገና እየፈላ ነው። ጥቁሯ የሸክላ ድስት መሃሏ ላይ ፍልቅ ፍልቅ ትላለች። ጠርዟን ቀላ ያለ ዘይት ከቧታል። ከላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ቃሪያ ጣል ተደርጎበታል። አስተናጋጁ "ድስቱ ይፋጃል፣ እንዳትነኩት" ብሎ ይሄዳል። እናንተ ግን መታገስ አትችሉም። ትጠቀልላላችሁ፣ አፋችሁ ይቃጠላል፣ ቢሆንም ጣት ያስቆረጥማል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። እቤት የምሠራው ሽሮ ለምንድነው እንዲህ የማይሆነው?

ይህ ጥያቄ እኔን ለዓመታት አብሰልስሎኛል። ምግብ እወዳለሁ። ውጭ መብላትም፣ እቤት ድስት መጣድም ደስ ይለኛል። ብዙ ሰው ሁለቱን ለያይቶ ነው የሚያያቸው። ውጭ የሚበላው ሊዝናና፣ እቤት የሚያበስለው ደግሞ ወጪ ሊቀንስ ነው። ለእኔ ግን አንዱ ለሌላው ትምህርት ቤት ነው። ምግብ ቤት ምላሴ ይማራል፣ እቤት እጄ ይሞክራል። ማብሰል ከጀመርኩ ወዲህ ደግሞ ውጭ የምበላው ይበልጥ ይጥመኛል። ያ ቁሌት ስንት ሰዓት እሳት ላይ እንደቆየ አሁን አውቃለኋ!

እኔ የተማርኩበትን መንገድ በቅደም ተከተል እጽፍላችኋለሁ። ሽሮን የመረጥኩት በሦስት ምክንያት ነው። ርካሽ ነው፣ ቢበላሽ ብዙ አያስቆጭም፣ ሽሮ ላይ የተማራችሁትን ደግሞ ሌላውም ወጥ ላይ ታገኙታላችሁ።

1. አንድ ምግብ ምረጡ፣ ሰዓቱንም ምረጡ

ሜኑውን ሁሉ አትመኙ። ዛሬ የምትማሩት አንድ ምግብ ይሁን። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው፣ ሌላው ሌላ ያዝዛል፣ ትቃመሳላችሁ። የምትማሩትን ግን ለብቻው በራሱ ድስት አስመጡ። በየዓይነቱ ላይ የተጨለፈች ሽሮን ከጎኗ ያለው ጎመንና ቀይ ሥር ይነካካታል፣ ትክክለኛ ጣዕሟን አታገኙትም።

የጾም ምግብ ለመቅመስ ረቡዕና ዓርብ ምሳ ሰዓትን የሚያህል የለም። የሚጾመው ሰው ብዙ ስለሆነ ድስቱ ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎ ይሠራል፣ የምታገኙት ትኩስ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናትና በፍልሰታ 15 ቀናት ደግሞ ምግብ ቤቶቹ ሙያቸውን ሁሉ የጾም ምግብ ላይ ያውላሉ። እንደ ሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ፣ አዚፋ ያሉ በሌላ ጊዜ እንደልብ የማይገኙ ነገሮች ያኔ ይወጣሉ። ለሥጋ ግን ተቃራኒው ነው። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ቤት አልሄድም። ገበያው ቀዝቀዝ ስለሚል ያደረ ሥጋ ሊገጥማችሁ ይችላል።

በጣም ተርባችሁ አትሂዱ። የራበው ሰው ሁሉም ነገር ይጥመዋል፣ ምኑ እንደጣመው ግን አያውቅም። እኔ ለመማር ስሄድ ረፋዱ ላይ አንድ ሙዝ በልቼ ነው።

2. ቀስ ብላችሁ ቅመሱ

ማንኪያ ጠይቁ። የመጀመሪያው ቅምሻ ያለ እንጀራ ይሁን፣ እንጀራ የራሱ ኮምጣጣነት ስላለው የወጡን ጣዕም ይለውጠዋል። ከመቅመሳችሁ በፊት ሽታውን ሳቡት። በሶብላና ኮረሪማ ካሉበት አፍንጫችሁ ከምላሳችሁ ቀድሞ ያውቃቸዋል።

ከዚያ ትንሽ ብቻ ምላሳችሁ ላይ አድርጉና ራሳችሁን ጠይቁ። ጣፈጥ ይላል? ስኳር ስለገባበት አይደለም፣ ሽንኩርቱ ብዙ ሰዓት ስለተቁላላ ነው። ኮምጠጥ ይላል? ቲማቲም አለበት ማለት ነው። ጥሬ ጥሬ ይላል? ሽሮው በደንብ አልበሰለም። ከጥርስ ሥር አሸዋ አሸዋ ይላል ወይስ ልስልስ ብሎ ይወርዳል? ማቃጠሉስ የት ላይ ነው? ሚጥሚጣ እኔን ወዲያው ምላሴ ጫፍ ላይ ነው የሚቆነጥጠኝ። ብዙ የተቁላላ በርበሬ ግን ዘግይቶ ይመጣል፣ ጉሮሮ ላይ ይሞቃል።

አሁን በእንጀራ ብሉት። የሚያጣጥመውም የሚያበላሸውም እንጀራው ነው። በጣም የኮመጠጠ እንጀራ ጥሩ ሽሮን ይገድለዋል።

በየዓይነቱ ከሆነ የመጣው ከአልጫው ጀምሩ። ጎመኑ፣ ድንቹ፣ አልጫ ክኩ ይቅደሙ፣ ቀይ ምስሩ መጨረሻ ይሁን። በርበሬ ከቀደመ ምላስ ይደነዝዛል፣ ከዚያ በኋላ ጎመን የበላችሁት ሣር የበላችሁ ያህል ነው። በመሃል አምቦ ውሃ ተጎንጩ። ለስላሳ መጠጥ አልመክርም፣ ስኳሩ ሁሉን ነገር ይሸፍነዋል።

ስልካችሁ ላይ ሦስት አራት ቃል ጻፉ። የእኔ ማስታወሻ እንዲህ ነው፦ "ሽንኩርቱ ጣፋጭ። ቲማቲም የለም። ነጭ ሽንኩርት መጨረሻ ላይ የገባ ይመስላል። ዘይት ብዙ።" ይህችን ይዛችሁ እቤት ስትገቡ ሥራው ግማሽ ያህል አልቋል።

3. ጠይቁ፣ ግን በሰዓቱ

ምሳ ሰዓት ወጥ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ለማንም ጊዜ የለውም። 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ጋብ ይላል። ያኔ አስተናጋጁን "ወጥ የሚሠሩትን አመስግኜ ብሄድ ደስ ይለኛል" ብላችሁ ጠይቁት። እስካሁን የተቆጣኝ የለም።

"ሚስጥሩ ምንድነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። ይህ ጥያቄ ሰውን ያሳፍራል፣ መልሱም "ምንም የለውም" ነው። የቀመሳችሁትን ይዛችሁ ጠባብ ጥያቄ ጠይቁ። "ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ነው የሚያቁላሉት?" "ነጭ ሽንኩርቱን መቼ ነው የሚጨምሩት?" ባለሙያ ሰው ሙያውን የሚረዳለት ሲያገኝ ደስ ይለዋል።

አንዴ ሠፈራችን አጠገብ ባለች ትንሽ ሽሮ ቤት እንዲህ ጠየቅኩ። ምግቡን የሚሠሩት በዕድሜ ገፋ ያሉ እናት ናቸው። "እማማ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ሽሮው መድረሱን በምን ያውቃሉ?" አልኳቸው። ምንም ሳይሉኝ እጄን ይዘው ወደ ምድጃው ወሰዱኝ። ማማሰያውን በሽሮው መሃል ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ሳቡት። የድስቱ ወለል ለአፍታ ታየ፣ ከዚያ ሽሮው ቀስ ብሎ ተመልሶ ገጠመ። "ወዲያው ከገጠመ አልደረሰም። ጭራሽ ካልገጠመ አልፎበታል። እንዲህ እያዛጋ ሲመለስ አውርደው፣ ልጄ" አሉኝ። ሰዓት አልነገሩኝም፣ ደቂቃ አልቆጠሩልኝም። እስከዛሬ በዚያች መስመር ነው የምሠራው።

4. ቁሌቱን አስቀድማችሁ ሥሩ

የምግብ ቤትና የቤት ሽሮ ትልቁ ልዩነት እዚህ ነው። እቤት ስንሠራ ርቦን ነው። ሽንኩርቱን አምስት ደቂቃ አስነክተን ውሃ እንጨምራለን። ምግብ ቤት ግን ቁሌቱ ከጠዋት ጀምሮ በትልቅ ድስት ሲብላላ ቆይቷል። ስታዝዙ የሚደረገው ከዚያ ጨልፎ ትንሿ ድስት ላይ መጨመር ነው።

እኛም እንደዚያው እናድርግ። እሁድ ከሰዓት አንድ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ይበቃችኋል። ደቆ ይከተፍ። በመፍጫ ከፈጫችሁት ውሃ ውሃ ይላል፣ የሚፈጀው ጊዜም ይረዝማል፣ ቢላዋ ይሻላል። ከታቹ ወፍራም የሆነ ድስት ጣዱና ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ጨምሩ። እሳቱ መካከለኛ ይሁን።

ለምን ያለ ዘይት? ሽንኩርት ከክብደቱ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ውሃ ነው። ያ ውሃ እስኪተን ድረስ ሽንኩርቱ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። ያለ ዘይት ሲሆን ውሃው ሲያልቅ በዓይናችሁ ታያላችሁ፣ ድስቱ መያዝ ይጀምራል። ያኔ ሁለት ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጉና በማማሰያው ፋቁት። የያዘው ቡናማ ነገር ወደ ሽንኩርቱ ይመለሳል፣ ጣዕሙ እሱ ነው። ደግማችሁ ደጋግማችሁ እንዲህ አድርጉ። ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ነጭ የነበረው ወደ ወርቃማ፣ ከዚያ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ድስት ሙሉ የነበረውም ከሲሶ በታች ይሆናል። ከስሩ ካረረ ግን አትሟገቱት። ምሬቱ አይለቅም፣ እንደገና መጀመር ይሻላል።

አሁን አንድ የቡና ስኒ ዘይት ጨምሩ። አሥር ደቂቃ ያህል ሲቁላላ ስድስት ፍሬ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ዝንጅብል አግቡ። ሦስት ደቂቃ፣ አበቃ። በርበሬ አላስገባም፣ ምክንያቱም ይኸው ቁሌት ለሽሮም፣ ለምስርም፣ ለአልጫም እንዲሆነኝ እፈልጋለሁ።

ሲበርድ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። ሁለት ወር ያለ ችግር ይቆያል። ከሥራ ደክሟችሁ ስትገቡ አንዷን ዕቃ ማውጣት ብቻ ነው።

5. ሽሮው

ጥሩ ሽሮ ከጥሩ ዱቄት ይጀምራል። ከቤተሰብ የሚላክላችሁ ካለ ዕድለኞች ናችሁ። ከሌለ ቶሎ ቶሎ ከሚሸጥ ባልትና ቤት በትንሹ ግዙ። ግማሽ ኪሎ ገዝቶ መጨረስ ሦስት ኪሎ ገዝቶ ከማሻገት ይሻላል። ከመግዛታችሁ በፊት አሽትቱ። የተቆላ ሽምብራና የቅመም ሽታ ሊኖረው ይገባል። ዝም ካለ፣ ወይም የቆየ ዘይት የሚሸት ከሆነ ተዉት።

ለሁለት ሰው የሚበቃው ይህ ነው፦

ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቁሌት
ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት
ግማሽ ብርጭቆ ሚጥን ሽሮ
ሁለት ብርጭቆ ተኩል ሙቅ ውሃ
አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ የተወቀጠ
አንድ ቃሪያ
ጨው

ቁሌቱን በዘይቱ አሙቁት። ቀላ እንዲል ከፈለጋችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ ጨምሩና ትንሽ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አምስት ደቂቃ አቁላሉት። ከዚያ ሙቁን ውሃ ጨምሩ። ሲንተከተክ እሳቱን ቀንሱ፣ በግራ እጃችሁ ሽሮውን እየነሰነሳችሁ በቀኝ እጃችሁ አማስሉ። አንዴ ከደፋችሁት ይጓጉላል። እጃችሁ ገና ካልለመደ ሽሮውን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩ። አንዳንድ ባለሙያ ይህን አይወድም፣ እኔ ግን ልዩነቱ ብዙ ሆኖ አላገኘሁትም።

አሁን ትዕግሥት ነው። እሳቱ ለስለስ ይበል፣ ድስቱ ገርበብ ተደርጎ ይከደን፣ ምክንያቱም ሽሮ ይፈናጠራል፣ ሲፈናጠር ደግሞ ክፉኛ ያቃጥላል። በየሦስት አራት ደቂቃው አማስሉ። አዲስ አበባ ቢያንስ 25 ደቂቃ ስጡት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባሕር አጠገብ ባሉ ከተሞች ግን 100 ዲግሪ ነው። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ በእኔ ደቂቃ ስትሠራ ሁልጊዜ ይወፍርባት ነበር። "ምን እያደረግኩ ነው?" ብላ ደወለችልኝ። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። እዚያ ቶሎ ይበስላል፣ የኤሌክትሪክ ምድጃዋም ከጠፋ በኋላ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። አሁን 15 ደቂቃ ላይ ታጠፋለች፣ በዚያው ሙቀት ይደርስላታል።

ቶሎ ማውጣት የብዙ ሰው ስህተት ነው። ሽሮ አሥር ደቂቃ ላይ የደረሰ ይመስላል፣ ወፍሯል፣ ቀለሙም አምሯል። ብትቀምሱት ግን ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ማታውን ደግሞ ሆድ ይነፋል። ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ ጠርዝ ጠርዙን መያዝ ሲጀምር፣ ማማሰያችሁም ያቺን የምታዛጋ መስመር ሲያሳያችሁ ደርሷል። ጨው መጨረሻ ላይ ቀምሳችሁ አስተካክሉ፣ አንዳንዱ ሚጥን ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታልና። የተወቀጠውን ነጭ ሽንኩርትና የተሰነጠቀውን ቃሪያ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች አግቡ። ያ አፍንጫ የሚጠራ ሽታ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስለ ሸክላ ድስት አንድ ነገር ልበል። እየፈላ የሚቀርበው በእሷ ምክንያት ነው፣ ሙቀት ትይዛለች። ስትገዙ ሳታሟሹ እሳት ላይ እንዳታወጧት። ዘይት ቀብታችሁ በጣም በለሰለሰ እሳት ቀስ እያላችሁ አሙቋት፣ ራሷ ትብረድ፣ ሁለት ሦስቴ ድገሙት። የመጀመሪያዋን ድስቴን ያጣሁት በችኮላ ነው። ሽሮው ወፍሮ ነበርና ቀዝቃዛ ውሃ ጨመርኩ። ጧ አለች፣ ከአፏ እስከ ታቿ ተሰነጠቀች፣ ሽሮውም ምድጃው ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጎኔ የሞቀ ውሃ ሳላስቀምጥ ሽሮ አልጥድም።

6. ተመልሳችሁ ሄዳችሁ ቅመሱ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እቤት በሠራችሁ በሳምንቱ ያው ምግብ ቤት ሂዱ፣ ያንኑ እዘዙ። አሁን ምላሳችሁ ሌላ ነው። መጀመሪያ "ጥሩ ነው" ብቻ ትሉት የነበረውን አሁን "ዘይቱ ከእኔ እጥፍ ነው"፣ "ኮረሪማ አለበት፣ እኔ አላስገባሁም" ትላላችሁ። እኔ ሦስት ጊዜ ከተመላለስኩ በኋላ ነው በሶብላው የጎደለኝ መሆኑን የያዝኩት። አንዳንዴ ደግሞ የእናንተው በልጦ ታገኙታላችሁ። ያ ቀን ሲመጣ ደስታው ልዩ ነው።

7. ቅቤውን እቤት አንጥሩ

የፍስክ ሽሮ፣ ክትፎ፣ ዶሮ ወጥ፣ ሁሉም ቅቤው ላይ ይወድቃል። የተነጠረ ከመግዛት ጥሬውን ከምታምኑት ሰው ገዝታችሁ ራሳችሁ ብታነጥሩ ይሻላል። ቅቤ ውስጥ ባዕድ ነገር የሚቀላቅል ስላለ ደንበኛ መያዝ ዋጋ አለው። እኔ መካከለኛውን ነው የምወደው። ለጋው ሽታ ያንሰዋል፣ በሳሉ ደግሞ ሌላውን ቅመም ይሸፍናል።

ለአንድ ኪሎ ቅቤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮሰረት፣ ግማሽ ማንኪያ በሶብላ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈለፈለና የተወቀጠ ኮረሪማ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አብሽ፣ ቁንጥር እርድ፣ ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት። ቅቤውን በለሰለሰ እሳት አቅልጡ። አረፋው ሲወጣ ግፈፉት። ከዚያ ቅመሙን ጨምሩና ጆሯችሁን ስጡት። መጀመሪያ ይንጫጫል፣ ይህ ውሃው ሲወጣ ነው። ድምፁ ዝቅ ሲል፣ ከታች ያለው አተላም ነጣ ያለ ወርቃማ ሲሆን ወዲያው አውርዱ። ጥቂት ደቂቃ ካለፈ ያርራል፣ ሽታውም ይበላሻል። ትንሽ አቀዝቅዛችሁ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት።

ውጭ አገር ያላችሁ ጨው የሌለበትን የሱፐርማርኬት ቅቤ ተጠቀሙ። አሜሪካ ውስጥ ቅቤ ተብሎ የሚሸጠው ቢያንስ 80 በመቶ ስብ ነው፣ የቀረው በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ከአንድ ኪሎ ወደ 800 ግራም ብታገኙ አይግረማችሁ። የአገር ቤቱ የመብሰል ሽታ አይኖረውም። ኮሰረቱን ጨመር አድርጉበት፣ ብዙውን ነገር እሱ ይመልሰዋል።

8. ጥብስ የሚያስተምረው ሌላ ነው

ሽሮ ትዕግሥት ያስተምራል፣ ጥብስ ደግሞ እሳት። ሥጋ ቤት የበላችሁት ጥብስ ዳር ዳሩ ቡናማ፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። እቤት ስንሠራው ግራጫ ሆኖ በራሱ ውሃ ውስጥ ይዋኛል። ምክንያቱ አንድ ነው። ብዙ ሥጋ በአንድ ጊዜ እንጨምራለን፣ መጥበሻው ይቀዘቅዛል፣ ሥጋው ውሃ ያወጣል፣ ከዚያ ቅቅል ይሆናል።

ግማሽ ኪሎ ከሆነ ሁለት ቦታ ክፈሉት። ከፍሪጅ አውጥታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል አቆዩት፣ በሶፍት ወይም በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ከባድ የብረት መጥበሻ ጭስ ጭስ እስኪል አሙቁ። መጀመሪያ ጮማውን ጨምሩ፣ ስቡ ሲቀልጥ ሥጋውን አግቡ። ሁለት ደቂቃ አትንኩት፣ እጃችሁን ሰብስቡ። ቡናማ ሲሆን አገላብጡት፣ አውጡት፣ ሁለተኛውን ዙር አስገቡ። በመጨረሻ ሁሉንም መልሳችሁ በትልልቁ የተቆረጠ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠልና ጨው ጨምሩ። ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ሽንኩርቱ ከጥርስ ሥር ቋ ማለት አለበት። ጥብስ ሰውን አይጠብቅም፣ ሰው ቁጭ ብሎ ጥብስን ይጠብቅ።

9. ምኑን ውጭ፣ ምኑን እቤት?

ዶሮ ወጥ ውጭ አላዝዝም። 12 ብልት አውጥቶ፣ በሎሚና በጨው አጥቦ፣ ሽንኩርቱን ግማሽ ቀን አቁላልቶ የሚሠራ ምግብ ነው። ሰው ተሰብስቦ የሚበላው ስለሆነም እቤት ያምርበታል። ዓውደ ዓመት ላይ አንድ ባለሙያ አጠገብ ቁሙና ሽንኩርት በመክተፍ ጀምሩ፣ ከሁሉ የተሻለው ትምህርት እሱ ነው።

ክትፎ ግን ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ። የጉራጌ እናቶች ሙያ ነው፣ ከቆጮው፣ ከአይቡና ከጎመኑ ጋር ያለው ልክ በቀላሉ አይገኝም። ሥጋውም ያኔውኑ በቢላዋ መከተፍ አለበት። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ያስተላልፋል፣ ለብ ለብ ማለቱም አይገድለውም። ነፍሰ ጡር እናቶችና ሕፃናት የበሰለውን ብቻ ይብሉ። ጥሩ ክትፎ ቤት በስሎ የቀረበውም ይጣፍጣል፣ ቅቤው ጥሩ ከሆነ።

10. ሂሳብና ትራፊ

ከማዘዛችሁ በፊት ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶውን ቫት ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ። የአገልግሎት ክፍያ የሚያስከፍሉም አሉ። በኋላ ከመከራከር በፊት ማወቅ ይሻላል፣ ጥሩ ምግብ በሂሳብ ጭቅጭቅ ማለቅ የለበትም። ለአስተናጋጁ የምትሰጡት ጉርሻም እጁ ላይ ቢሆን እመርጣለሁ፣ ስሙን ጠይቃችሁ፣ አመስግናችሁ።

የተረፈውን አታፍሩ፣ "ይጠቅለልልኝ" በሉ። ሽሮም ይሁን ጥብስ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። እንጀራውን ለብቻው ጠቅልሉት፣ ከወጡ ጋር ካደረ ይላቁጣል።

ጠዋት መጥበሻ ላይ አንድ ማንኪያ ቁሌት አሙቁ። ያደረውን ሽሮ ጨምሩ፣ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አክላችሁ በደንብ እስኪፈላ አማስሉ። የትላንቱን እንጀራ በእጃችሁ ቆራርጣችሁ አግቡ። ሁለቴ ብቻ አገላብጡ፣ ብዙ ከነካካችሁት ይፈርሳል። እሳቱን አጥፉ፣ ከቅቤያችሁ ግማሽ ማንኪያ ጣል አድርጉ፣ ለአንድ ደቂቃ ክደኑት። ሻዩ እስኪፈላ ፍርፍሩ ይደርሳል።